ያለ ዶላርና ያለ ልዩ ዳይስ፦ ሀዋሳ ላይ አርፒጂ ለመጀመር

ጥያቄው፦ «ሰላም። ሀዋሳ ነው ያለነው፤ አምስት ጓደኛሞች ነን። እሑድ እሑድ ተሰብስበን ካርታና ሉዶ እንጫወታለን። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ዲ ኤንድ ዲ ሲጫወቱ አይተን ለመጀመር ጓጓን። ግን መጽሐፉ በዶላር ነው፣ ያ ብዙ ገጽ ያለው ዳይስ እዚህ አላገኘንም፣ ሁለቱ ጓደኞቼ ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብ አይቀናቸውም። የምመራው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በነፃ ከሚገኙት የቱ ይሻለናል? አውርዶ ማተሙስ ሕጋዊ ነው?»

ሰላም እህቴ። አርፒጂ ማለት እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ የታሪክ ሰው ሆኖ በንግግርና በዳይስ የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ ዲ ኤንድ ዲ (ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ) ከእነዚህ ታዋቂው ነው። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። በመጀመሪያው እሑድ ሕጉ በአንድ ገጽ የሚያልቀውን «ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ» ተጫወቱ፤ የሚፈልገው የሉዶ ዳይስ ብቻ ነው። ከጣማችሁ ወደ «ኬርን» ተሻገሩ። ዲ ኤንድ ዲ ራሱን ካላየን ካላችሁም ዋናው ሕጉ በነፃና በሕጋዊ መንገድ ይገኛል፤ ከእሱ እንድትጀምሩ ግን አልመክርም። በሦስቱም መንገድ የምታወጡት የፎቶ ኮፒ ብር ብቻ ነው።

የሁለቱ ጓደኞችሽ ነገር እንቅፋት ሆኖ አይታይሽ። በአርፒጂ ሕጉን ማንበብ ያለበት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጨዋታውን የሚመራው ጌም ማስተር፣ ማለትም አንቺ። ሌሎቹ የሚያደርጉት መስማት፣ ማሰብና «እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት ነው፤ ያ ደግሞ በአማርኛ ነው የሚካሄደው። ጨዋታ ስትመርጪ ታዲያ ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቂ፦ አንድ ሰው አንብቦት፣ በአማርኛ በአንድ ወረቀት ጨምቆት፣ አራት ሰው ሊያጫውትበት ይችላል ወይ? ነፃ ከሆኑት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ይህን ፈተና ያልፋሉ። ታዋቂው ጨዋታ ግን በጀማሪ እጅ አያልፍም።

ወደ ዳይሱ ልለፍ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ባለ 20 ገጹን ነው፤ አብረውት ባለ 4፣ ባለ 8፣ ባለ 10 እና ባለ 12 ይመጣሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የምትጫወቱበትን ካርታ አምጪና ጃኩን፣ ንግሥቷን፣ ንጉሡንና ጆከሩን አውጪ። 40 ካርድ ይቀርሻል፤ 20 ቀይ፣ 20 ጥቁር። አንድ ካርድ ሳቢ። ቀይ ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ አንብቢው፤ አሱ 1 ነው። ጥቁር ከሆነ 10 ጨምሪበት። ቀይ 7 ሰባት ነው፣ ጥቁር 7 አሥራ ሰባት፣ ጥቁር 10 ደግሞ ሃያ። እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት ካርድ ስላለው ከ1 እስከ 20 ያለው ሁሉ የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው፤ ከእውነተኛው ዳይስ የሚያንስበት ነገር የለም። ቀለሙን ትተሽ ቁጥሩን ብቻ ካነበብሽ ባለ 10 ይሆንልሻል። ባለ 8 ሲያስፈልግ 9 ወይም 10 ከወጣ ድጋሚ ሳቢ። ለባለ 12 የሉዶ ዳይስ ጣይና ካርድ ሳቢ፤ ካርዱ ጥቁር ከሆነ በዳይሱ ላይ 6 ጨምሪ። ለባለ 4 ዳይሱ ብቻ ይበቃል፤ 5 ወይም 6 ከወጣ ይደገማል።

አንድ ነገር ጠብቂ፦ የተሳበው ካርድ ወዲያው ተመልሶ ይበወዝ። ካልተመለሰ ዝቅተኛዎቹ ቁጥሮች ካለቁ በኋላ የቀሩት ትልልቆቹ መሆናቸውን ተጫዋቹ ያውቃል፤ ካርታ የለመደ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ይቆጥራል። ያኔ ዕድል መሆኑ ይቀርና ሒሳብ ይሆናል። አሰልቺ እንዳይሆን ከአራቱ ተጫዋቾች አንዱ በየተራ በዋዥ ይሁን።

አንዳችሁ ከሀዋሳ ውጭ ሆናችሁ በቴሌግራም መጫወት ብትፈልጉም ይቻላል። የዳይስ ኢሞጂዋን ብቻዋን ወደ ግሩፑ ብትልኪ ተሽከርክራ ከ1 እስከ 6 አንዱ ይወጣል፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ቴሌግራም ራሱ ስለሆነ ማንም አያጭበረብርም።

አሁን ሕጋዊነቱ። መጠየቅሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ በየቴሌግራም ቻናሉ ስካን ተደርገው የሚዞሩት የዲ ኤንድ ዲ መጻሕፍት የሚለጠፉት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ እናንተ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጓችሁም። ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ይጠቅማል (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዲ ኤንድ ዲን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አወጡት። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ባለቤት ኩባንያው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የጨዋታውን አጥንት ኤስአርዲ በሚባል ሰነድ ለይቶ ሌሎች እንዲሠሩበት በክፍት ፈቃድ ለቀቀው። ዛሬ በነፃ ከምናገኛቸው ጨዋታዎች ብዙዎቹ ከዚያ ፈቃድ የተወለዱ ናቸው። በጃንዋሪ 2023 ኩባንያው ያንን ፈቃድ ሊያጠብቅበት ያረቀቀው ጽሑፍ ሾልኮ ወጣ። ተጫዋቹም ትንንሽ አሳታሚዎቹም በአንድ ድምፅ ተነሡ፤ የድረ ገጽ ምዝገባቸውን የሰረዙ ብዙ ነበሩ። ወሩ ሳያልቅ በ27ኛው ቀን ኩባንያው ወደ ኋላ ተመልሶ ኤስአርዲ 5.1ን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀ። በ2025 አዲሱ ኤስአርዲ 5.2ም በዚያው ፈቃድ ወጣ።

ለአንቺ ይህ ማለት፦ ኤስአርዲውን ማውረድ፣ ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ወደ አማርኛ መመለስ፣ የመለስሽውን ለሌላ ሰው መስጠት፣ መሸጥም ጭምር ተፈቅዶልሻል። ግዴታው የምንጩን ስምና የፈቃዱን ዓይነት መጥቀስ ነው። የተሰጠው ፈቃድ ተመልሶ አይነጠቅም። ኬርን ላይ አንድ ግዴታ ይጨመራል፤ የቀየርሽውን ወይም የተረጎምሽውን ስታሰራጪ በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፍት ማድረግ አለብሽ። እኔ ይህን ግዴታ እወደዋለሁ፤ አንድ ቀን ሀዋሳ ላይ የተተረጎመ ኬርን አዳማ ወይም ጎንደር ያለ ልጅ እጅ ገብቶ እንደገና ይሻሻላል ማለት ነው። «ለንግድ አይውልም» የሚሉ ፈቃዶችም አሉ፤ ለቤት ጨዋታ ምንም አይከለክሉሽም። ፈቃድ ሳይጻፍበት በነፃ ይውረድ ብቻ የተባለ ጨዋታ ሲገጥምሽ ለራሳችሁ አትማችሁ ተጫወቱበት፤ ተርጉሞ በይፋ መለጠፍ ግን ባለቤቱን ሳይጠይቁ አይሆንም። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ አሠራርንና ዘዴን ጥበቃ ውስጥ አያስገባም። የሚጠበቀው አጻጻፉ ነው። «ባለ 20 ጥሎ ከቁጥር በታች ማምጣት» የሚለውን ዘዴ በራስሽ ቃል ጽፈሽ የራስሽን ጨዋታ ብትሠሪ ማንንም አልሰረቅሽም።

ስታወርጂ የክፍያ ሳጥን ብቅ ቢል አትደንግጪ። ድራይቭስሩ አርፒጂ ላይ «የፈለጉትን ይክፈሉ» የተባለው ላይ ዜሮ መጻፍ ይቻላል፤ ኢች ዶት አይኦ ላይም ክፍያውን አልፎ ወደ ፋይሉ የሚወስድ መስመር አለ። ቪዛ ካርድ አያስፈልግም።

ወደ ጨዋታዎቹ እንግባ። «ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ»ን በ2013 ያወጣው ጆን ሃርፐር ነው። በወረቀቱ ላይ ተጫዋቾቹ የጠፈር መርከብ ሠራተኞች ናቸው፤ ሕጉ ግን የትም ይሄዳል፤ ሰዎች መልኩን እየቀየሩ እጅግ ብዙ ጨዋታ ሠርተውበታል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው በእርጋታ፣ በእውቀትና በመሣሪያ የሚሠራውን ይችልበታል፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው በስሜት፣ በአንደበትና በደመ ነፍስ የሚሠራውን። በአማርኛ ወረቀቱ ላይ «ስሌት» እና «ስሜት» ብለሽ ጻፊያቸው። ስሌት ሲሆን ዳይሱ ከቁጥርሽ በታች መውጣት አለበት፤ ስሜት ሲሆን ከቁጥርሽ በላይ። አንድ ዳይስ ለሁሉም ይሰጣል፤ ተዘጋጅቶ ለመጣ አንድ ይጨመራል፤ ሙያው ለሆነ ሌላ አንድ። አንዱም ካልሆነ ነገሩ ይበላሻል፤ አንድ ከተሳካ እንደምንም ይሆናል፣ ግን የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ሁለት ከተሳካ በደንብ ሆነ፤ ሦስት ከተሳካ ካሰብሽው በላይ ሆነ። ዳይሱ ልክ በቁጥርሽ ላይ ካረፈ ተጫዋቹ አንድ ጥያቄ ይጠይቅሻል፤ እውነቱን ትመልሻለሽ፤ ከፈለገም ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና ይጥላል።

የጠፈር መርከቡን ትተሽ ሐይቃችሁን አምጪ። ይህን መነሻ ብትወስጂው ደስ ይለኛል፦ አሞራ ገደል ላይ ማታ የተጣለው መረብ ጠዋት ሲታይ ከውኃ ወጥቷል፤ ደርቋል፤ በሥርዓት ታጥፎ ዳር ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛ ቀኑ ነው። የተሰረቀ ዓሣ የለም፣ የተቆረጠ ገመድ የለም። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ሁልጊዜ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁበትን ቦታ ትተው ታቦር ተራራ ግርጌ ቆመዋል። ተጫዋቾቹ ጀልባ ቀዛፊ፣ ሞተር ጠጋኝ፣ የባጃጅ ሹፌርና ስለ ዓሣ የምታጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናቸው። መልሱን አንቺም አስቀድመሽ አትወስኚው፤ ሦስት የሚሆኑ መልሶችን ብቻ በልብሽ ያዢ።

አሁን አንድ ጥል እንይ። ተማሪዋ ቁጥሯ 5 ነው። «የታጠፈበትን መንገድ አጠናለሁ፤ ቋጠሮው የማን እንደሆነ ይነግረኛል» አለች። ስሌት ነው፤ ከ5 በታች ትፈልጋለች። አጉሊ መነጽርና ባትሪ ይዛ መጥታለች፣ አንድ ተጨማሪ። ሙያዋ ነው፣ ሌላ ተጨማሪ። ሦስት ዳይስ ጣለች፤ 3፣ 5 እና 6 ወጣ። 3ቱ ተሳካ። 6ቱ አልተሳካም። 5ቱ ልክ ቁጥሯ ላይ አረፈ፤ ስለዚህ ጠየቀች፦ «ይህን ያደረገው ምን ዓይነት ሰው ነው?» እውነቱን መመለስ አለብሽ፦ «ቋጠሮው ሁሉ በግራ እጅ የታሰረ ነው። እጁም ትንሽ ነው፤ የልጅ ያህል።» ሐሳቧን ስላልቀየረች የተሳካላት ያ አንዱ ብቻ ነው፤ እንደምንም ሆነ ማለት ነው። ዋጋውን አስከፍያት፦ ባትሪዋን ወደ ውኃው አዙራ ስታበራ ከሸምበቆው ውስጥ የሆነ ነገር ብርሃኑን አየው። አሁን አራቱም ተጫዋቾች ወንበራቸውን ይጠጋሉ። ከዚህ በኋላ አንቺ የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ምን ታደርጋላችሁ?»

የአመራሩ ዋና ሥራ እዚህ ላይ ስለሆነ ልቆይበት። አዲስ ጌም ማስተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ሲከሽፍ «አልሆነልህም» ብሎ በማለፍ ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱ ያቃተው ዝም ብሎ አይታለፍም፤ አገር ይሰጣል። ዳይሱም እንደዚያ ይሁን፤ ባልተሳካ ቁጥር አንድ ነገር ይሂድ፣ አንድ ነገር ይምጣ። በሩ አልከፈት ካለ ከውስጥ ድምፅ ይሰማ። ሽማግሌውን ማሳመን ካልተቻለ ሽማግሌው ለሌላ ሰው ነግሮ ይደር። ከሽፎም ሆነ ተሳክቶ ነገሩ ከነበረበት ከተንቀሳቀሰ ጨዋታው ይሮጣል። የሚከሽፍበት መንገድ ደስ የማይል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ዳይስ አታስጥዪ፤ «ሆነልሽ» ብለሽ እለፊ።

ይህ ጨዋታ ለአንድ ምሽት ነው የተሠራው። ሰዎቹ አያድጉም፣ ዕቃ አያጠራቅሙም። ደጋግማችሁ ስትጫወቱት ስስ ይሆንባችኋል፤ ያ የመሻገሪያው ምልክት ነው።

ኬርንን ዮካይ ጋል በ2020 አወጣው። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ጫካ፣ ፍርስራሽና ሚስጥር ያለበት ዓለም ነው፤ ብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። ሦስት አቅም ብቻ አለ፤ ጉልበት፣ ቅልጥፍናና ወኔ ልበላቸው። ለእያንዳንዳቸው ሦስት የሉዶ ዳይስ ጥለሽ ትደምሪያለሽ፤ ሁለቱን ማቀያየር ይፈቀዳል። አደጋ ሲመጣ ባለ 20 ይጣላል፤ ከአቅሙ እኩል ወይም በታች ከወጣ አለፈ። ዕቃ መያዣው አሥር ቦታ ብቻ ነው። ድግምት የሚባለው በመጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው፤ መጽሐፉ አንድ ቦታ ይይዛል፤ በተጠቀምሽበት ቁጥር የሚመጣው ድካምም ሌላ ቦታ ይይዛል። ይህን ሳየው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ አንዲት የዕቃ ዝርዝር ስስትንም፣ ድካምንም፣ አስማትንም ትቆጣጠራለች።

ውጊያው ከዩቲዩቡ በጣም ይለያል። «መታሁ ወይስ ሳትኩ» የሚባል ነገር የለም፤ የሰነዘረ ሁሉ ይመታል፤ የሚጣለው የጉዳቱ ዳይስ ነው። ጉልበት ከመነካቱ በፊት ጉዳቱን የሚውጠውን ቁጥር ትንፋሽ ልበለው። አንድ ቀላል ጋሻ የያዘች ተጫዋች ትንፋሿ 3፣ ጉልበቷ 9 ነው እንበል። ሽፍታው 6 ጣለ፤ ጋሻው 1 ቀነሰ፤ 5 ገባ። ትንፋሹ 3ቱን ዋጠና አለቀ፤ የቀረው 2 ጉልበቷን ወደ 7 አወረደው። አሁን ካርድ ትሳብ፤ 7 ወይም ከዚያ በታች ያስፈልጋታል። ጥቁር 3 ወጣ፤ 13 ነው። ወደቀች። ባልንጀራዋ ደርሶ ካልረዳት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትሞታለች። ካርዱ ሲገለበጥ ጠረጴዛው ዝም ይላል። ትንፋሹ ብቻ የተነካ ሰው ግን ጥቂት አርፎ ውኃ ቢጠጣ ይመለስለታል። ተጫዋቾችሽ ቶሎ የሚማሩት ነገር ቢኖር ከመዋጋት መደራደር፣ ማታለልና መሸሽ እንደሚሻል ነው፤ ያን ጊዜ ጨዋታው የምር ይጣፍጣል። ሞት ሊመጣ እንደሚችል ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሳይነገረው የሚጫወተው ሰው የሞተበት ተጫዋች ቅር ይለዋል።

ዲ ኤንድ ዲን ለምን ወደ ኋላ እንዳስቀመጥኩት አሁን ይገባሻል። መጥፎ ጨዋታ አይደለም። ለወራት የሚዘልቅ ታሪክ፣ እያደገ የሚሄድ ሰው፣ ብዙ ምርጫ ለሚወድ ተጫዋች ከእሱ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ግን ነፃው ኤስአርዲ ብቻውን ከ300 ገጽ በላይ ነው፤ የተጻፈውም ለማመሳከሪያ እንጂ ለማስተማሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ሰው ችሎታ ማንበብ አለበት፤ ሁለቱ ጓደኞችሽ ካላነበቡ አንቺ የሁሉም አስተርጓሚ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ አንቺም አትጫወቺም፣ እነሱም ይጠብቁሻል። ስትደርሱበት መጀመሪያ የአራት ሰው ወረቀት በአማርኛ ሠርተሽ፣ ከ1ኛው ደረጃ ተነሺ። ዩቲዩብ ላይ ያያችኋቸው ሰዎች ሙያቸው ትወና ሊሆን እንደሚችልም ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው፤ ድምፅ መለወጥ ግዴታ አይደለም፤ «የእኔ ሰው ተቆጥቶ ይወጣል» ማለት በቂ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልጥቀስ። የድሮውን ዲ ኤንድ ዲ ጣዕም ከፈለጋችሁ የክሪስ ጎነርማን «ቤዚክ ፋንታሲ» ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ጀብዱዎቹም እንደዚያው፤ አራተኛው እትም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው የወጣው። «ጉርፕስ ላይት» 32 ገጽ ነው፣ ሦስት የሉዶ ዳይስ ብቻ ይበቃዋል፤ ደረቅ ቢሆንም ለማንኛውም ዘመንና ቦታ ይሆናል። «ፓዝፋይንደር» ሕጉ በሙሉ «አርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ» በሚባል ድረ ገጽ ላይ በባለቤቱ ፈቃድ በነፃ ተቀምጧል፤ ግን ከዲ ኤንድ ዲም ይከብዳል፣ ለጊዜው እለፉት።

«አይረንስዎርን» ግን ለአንቺ ለብቻሽ ነው የምመክረው። ሾን ቶምኪን በ2018 በነፃ የለቀቀው ነው፤ ያለ ጌም ማስተር፣ አንድ ሰው ብቻውን ይጫወተዋል። አንድ የሉዶ ዳይስ ጥለሽ አቅምሽን ትደምሪያለሽ፤ ከዚያ ሁለት ባለ 10፣ ማለትም ሁለት ካርድ ትገልጫለሽ። ሁለቱንም ከበለጥሽ ሙሉ በሙሉ ተሳካ፤ አንዱን ብቻ ከበለጥሽ በዋጋ ተሳካ፤ ሁለቱም ካሸነፉሽ ነገር ተበላሸ። ማታ ማታ ብቻሽን ስትጫወቺው «አሁን ምን ይፈጠር?» ለሚለው ጥያቄ እጅሽ ይፍታታል፤ እሑድ ለመምራት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

ስለ ቤተሰብም ላንሣ፤ አልጠየቅሽኝም እንጂ ይመጣል። ድግምት፣ ጋኔን፣ ጠንቋይ የሚሉ ቃላት ከሳሎን ሲሰሙ እናት ብትደነግጥ አይገርምም። አሜሪካም በ1980ዎቹ ዲ ኤንድ ዲን ከሰይጣን አምልኮ ጋር ያያያዙ ወላጆች ብዙ ነበሩ። ከመከራከር ይልቅ አብረው እንዲቀመጡና እንዲያዳምጡ መጋበዝ ይሻላል፤ የመረቡ ታሪክ ላይ ደግሞ አስማት አያስፈልግም። ለእምነቱ ብሎ አስማት የማይወድ ተጫዋች ካለም የእሱን ፍላጎት አክብሩ፤ ያለ አስማት የሚሆን ጀብዱ ሞልቷል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ብዙ ሰው ቤተሰቡን በጦርነትና በግጭት አጥቷል። ጠረጴዛሽ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እንደያዘ ሁሉን አታውቂም። የተቃጠለ መንደር፣ የጠፋ ወንድም፣ በብሔር የሚለይ ጠላት ለአንቺ የታሪክ ማጣፈጫ፣ ለእሱ ግን ትናንት ሊሆን ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት «ጨዋታችን ውስጥ እንዳይገባ የምትፈልጉት ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ በጆሮሽ ወይም በጽሑፍ ሊነግሩሽ ይችላሉ። ጆን ስታቭሮፖሎስ ያወጣው ኤክስ ካርድ የሚባል ነፃ ዘዴም አለ። በአንድ ወረቀት ላይ የኤክስ ምልክት ይሣልና መሐል ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ወረቀቱን ከነካ የተነሣው ነገር ይቀራል፣ ምክንያቱ አይጠየቅም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አንዴም ሳይነካ ቢቀር እንኳ እዚያ መኖሩ ሰውን ያሳርፋል። ጠላት ስትፈጥሪም የማንንም ብሔር ወይም ሃይማኖት የሚመስል አታድርጊ፤ ሐይቁ፣ ረግረጉ፣ ሌሊቱና የሰው ስግብግብነት ይበቁሻል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጨለለቃ በአንድ ወቅት ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግ ነው፤ «ውኃው የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ኬርን ላይ ብዙ እሑድ ያጫውታችኋል።

ለማተም፦ የሌዘርስን አንድ ገጽ ለራስሽ፣ በአማርኛ የጨመቅሽውን ደግሞ ለአራቱም። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ሥራ፣ ቁጥር፣ ስሌት ከቁጥሩ በታች፣ ስሜት ከቁጥሩ በላይ፣ ይዞት የመጣው ዕቃ፤ ከዚህ በላይ አትጻፊበት። ኬርን ላይ ስትደርሱ በወረቀቱ ላይ አሥር ባዶ መስመር አስምሪ፤ ዕቃው በእርሳስ ይጻፍ፣ ይሰረዝ፣ ይተካ።

አምስት ስለሆናችሁ አንቺ ስትመሪ አራት ተጫዋች ይኖርሻል፤ ልክ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ተራ መጠበቁ ይሰለቻል። የመረቡ ታሪክ ሲያልቅ ግን ቀጣዩን አንቺ አትምሪ። እንግሊዝኛ ማንበብ ከማይቀናቸው ሁለቱ አንዱን አስመሪ። ሕጉ በዚያች የአማርኛ ወረቀት ላይ አለ፤ ታሪኩን ደግሞ ከራሱ ሰፈር ያምጣ። አንቺ በዚያ እሑድ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጪና የሉዶውን ዳይስ ጣይ።